ባንኩ ኦቨርድራፍት ከለከለኝ፤ ሌላ ባንክ ልሂድ ወይስ የእናቴን ቤት ላስይዝ?

ጥያቄ፦ ደሴ ሸዋ በር በኪራይ ሱቅ የሴቶችና የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ሱቄ በ2014 ተዘርፎ ከዜሮ ነው የጀመርኩት። አንድ ባንክ ስድስት ዓመት ቆጥቤያለሁ። በቅርቡ የ300,000 ብር ኦቨርድራፍት (ሒሳቤ ላይ ካለው በላይ እንዳወጣ የሚፈቅድ ብድር) ጠይቄ "ለጊዜው ማስተናገድ አንችልም" አሉኝ። ምክንያት የለም። ከጦርነቱ በፊት ከሦስት ሴቶች ጋር በቡድን ዋስትና ትንሽ ብድር ወስደን ነበር፤ የእኔን ድርሻ ከፍዬ ጨርሻለሁ። እናቴ ቤት አላት፤ ካርታው ግን በሟቹ አባታችን ስም ነው። አንድ ሰው ደግሞ "አሥር ፐርሰንት ስጪኝና አስጨርስልሻለሁ" ይለኛል። ሌላ ባንክ ልሞክር? ቤቱን ላስይዝ? ወይስ ሰው ስለሌለኝ ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ከተዘረፈ ሱቅ ተነስቶ እንደገና ያቆመ ሰው በአንድ "አይሆንም" አይወድቅም። መልሴ ግን ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ ታነቢዋለሽ።

"ሰው ስለሌለኝ ነው ወይ?" ካልሽው ልጀምር። ትውውቅ አይሠራም ብዬ አልዋሽሽም። እዚሁ አገር ነው ያለነው። ሆኖም ብድር ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ውድቅ ሲደረጉ ያየኋቸው የትንንሽ ነጋዴ ፋይሎች አብዛኞቹ የወደቁት በሰው እጦት አይደለም። ፋይሉ ውስጥ ንግዱ አልነበረም። ሴትዮዋ ሱቅ አላት፣ ትሸጣለች፣ ታተርፋለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። ያንቺም ወደዚያ ያደላል ብዬ እገምታለሁ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። በፊት ግን የደረሰሽ "አይሆንም" የትኛው እንደሆነ እንለይ።

"ለጊዜው ማስተናገድ አንችልም" የምትለዋ አነጋገር ብዙ ነገር ትሸፍናለች። አንዳንዴ ባንኩ ራሱ የሚያበድርበት ቦታ የለውም። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለማርገብ ብሎ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀመጠ። በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ጣሪያ ሲኖር ባንኩ ያለችውን ቦታ ለማን እንደሚሰጥ ይመርጣል። ዶላር የሚያመጣ ላኪ ይቀድማል፤ የቆየ ትልቅ ደንበኛ ይከተላል። የሸዋ በር ልብስ ሻጭ "ለጊዜው" ትባላለች። በዚያ ላይ የባንኮች በጀት ዓመት በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ቦታው አልቆ ይደርሳል። ያንቺ ይህ ከሆነ አንዳች ያጠፋሽው ነገር የለም። ያንኑ ማመልከቻ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ይዘሽ ተመለሺ።

ሌላ የምጠይቅሽ ነገር፦ ማመልከቻሽ በጽሑፍ ገብቶ ተመዝግቧል? ወይስ ሥራ አስኪያጁ ጋ ተቀምጠሽ በወሬ ነው ያለቀው? ልዩነቱ ትልቅ ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በራሱ ሥልጣን የሚፈቅደው መጠን የተወሰነ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ዲስትሪክት ወይም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ "ይህ እዚያ አያልፍም" ብሎ ካሰበ ፋይል ሳይከፍት ሊሸኝሽ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ተከለከልሽ አይባልም፤ ገና አልጠየቅሽም።

ስለዚህ ሂጂና ጠይቂ። በኩርፊያ አይሁን። "ጥያቄዬ እዚሁ ነው የቀረው ወይስ ወደ ላይ ሄዷል? ያነሰው መያዣው ነው፣ የሒሳቤ እንቅስቃሴ ነው ወይስ የብድር ታሪኬ?" በይ። "ለምን ከለከላችሁኝ?" የሚል ጥያቄ ባለሙያውን መከላከል ውስጥ ይከተዋል። "ምን አነሰ?" የሚለው ግን ብዙ ጊዜ መልስ ያወጣል። ዝም ካሉሽ በጽሑፍ አስገቢ፤ ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቺበት። ባንኮች የደንበኛ ቅሬታ የሚያስተናግዱበት አሠራር እንዲኖራቸው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ያስገድዳቸዋል።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ያሳሰበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ "የእኔን ድርሻ ከፍዬ ጨርሻለሁ" ያልሽው። በቡድን ዋስትና ውስጥ "የእኔ ድርሻ" የሚባል ነገር እስከ መጨረሻው አይሠራም። አንዷ ካልከፈለች ሌሎቹ ተጠያቂ ናቸው። በ2014 ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ኅዳር ማገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ስንቱ ሱቅ ባዶውን ቀረ። ስንቱ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ አልተመለሰም። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ዕዳዋን ሳትጨርስ ከቀረች ያንቺም ስም ከዚያ ዕዳ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ባንክ ከማበደሩ በፊት በቲን ቁጥርሽ የብሔራዊ ባንክን የብድር መረጃ ማዕከል ይጠይቃል። ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር ደግሞ ከተበላሹ ብድሮች ይመደባል። እዚያ ላይ ስምሽ ካለ የትኛውም ባንክ ብትሄጂ ያው ወረቀት ቀድሞሽ ይደርሳል።

ነገ ጠዋት ላድርግ የምትይው ነገር ካለ ይህን አድርጊ። ያበደራችሁ ተቋም ዘንድ ሄደሽ ከዕዳ ነፃ መሆንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቂ። ከሰጡሽ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ባንክሽ ፋይል ውስጥ ይግባ። "የቡድኑ ዕዳ አላለቀም" ካሉሽ ስንት እንደቀረ አስወጪ። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ከጓደኞችሽ ጋር ተነጋግራችሁ ዝጉት፤ ወይም ተቋሙ የክፍያ ጊዜ እንዲያራዝምላችሁ ጠይቁ። ተከፍሎ አልቆ መረጃው ሳይስተካከል የቀረ ከሆነም አበዳሪው እንዲያስተካክል በጽሑፍ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው። "ስድስት ዓመት ቆጥቤያለሁ" ብለሻል። ቁጠባሽ ለባንኩ ጥሩ ነው፤ ለብድርሽ ግን ብዙ አይመሰክርልሽም። የብድር ባለሙያ ሒሳብሽን ሲከፍት ቀሪውን ብር አይቶ አይዘጋውም። በየወሩ ስንት ገባ? በስንት ጊዜ ገባ? ስንት ወጣ? ለማን ወጣ? የሚያየው ይህን ነው። ቁጠባ ገንዘብ መያዝ እንደምትችዪ ያሳያል። አበዳሪ የሚፈልገው ደግሞ ገንዘብ በእጅሽ ሲዞር ማየት ነው።

እስቲ ያንቺን ሱቅ ላስብ። ደንበኛ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፣ ወይ ወደ ባለቤትሽ ስልክ ይልካል። ከዚያው ከመሳቢያ አውጥተሽ ዕቃ ትከፍያለሽ። መርካቶ ላለው ጅምላ ሻጭ ወደዚያ በሚሄድ ሰው ትልኪያለሽ። የሳምንት እቁብ አለ። የቅሬ (የእድር) መዋጮ አለ። የሱቅ ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት። የተረፈችው በወሩ መጨረሻ ቁጠባ ትገባለች። በወር መቶ ሺህ ብር የሸጠች ነጋዴ ወረቀቱ ላይ አምስት ሺህ ብር የምትቆጥብ የቤት እመቤት ሆና ቁጭ ትላለች። ለዚህች ሴት 300,000 ብር ስጥ ብትዪኝ እኔም አልሰጥም። የግብሩም ነገር ያው ነው። ለገቢዎች ዝቅ አድርገሽ ያሳወቅሽው ሽያጭ ባንክ በር ላይ ይጠብቅሻል። ለግብር ሲሆን ትንሽ፣ ለብድር ሲሆን ትልቅ የሚሆን ሱቅ የለም።

በዚያ ላይ ኦቨርድራፍት የሚሠራው በተንቀሳቃሽ ሒሳብ ላይ ነው። በቁጠባ ደብተር ላይ አይሠራም። ስለዚህ በንግድ ስምሽ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ክፈቺ። ከዚያ በኋላ የሱቁ ብር በሙሉ በእሱ በኩል ይለፍ። የቀኑን ሽያጭ በማግስቱ አስገቢ፤ ትንሽ ናት ብለሽ አትናቂያት። የመርካቶውን ጅምላ ሻጭ ከዚያው ሒሳብ ክፈዪ። ኪራዩን ከዚያው። እቁቡም ከዚያው ቢወጣና ዕጣው ሲደርስሽ ወደዚያው ቢገባ ጥሩ ነው። በስልክ የሚከፍል ደንበኛም በቀጥታ ወደዚያ ሒሳብ ይላክ። ቢያንስ ስድስት ወር እንዲህ ከሄድሽ የሒሳብ መግለጫሽ ራሱ ይናገርልሻል። አሰልቺ ሥራ ነው። አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ ኦቨርድራፍት መጠየቅሽ ጥሩ ምርጫ ነው። ወለዱ የሚታሰበው በፈቀዱልሽ ጣሪያ ላይ አይደለም፤ ባወጣሽው ብርና ባቆየሽው ቀን ልክ ነው። ለስሌት እንዲመች ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው እንበል። ከ300,000 ብሩ 100,000 አውጥተሽ ለ60 ቀን ብትጠቀሚበት የምትከፍዪው ወለድ ወደ 2,960 ብር ነው። ሙሉውን 300,000 ብር በመደበኛ ብድር ብትወስጂ ግን የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 4,500 ብር ይሆናል፤ ገንዘቡን ብትጠቀሚበትም ባትጠቀሚበትም። ባንኮች ግን ኦቨርድራፍትን የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። ነጋዴው ጣሪያው ድረስ ያወጣና ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይቀመጣል። ሒሳቡ መውረድና መውጣት አለበት፤ ካልሆነ በዓመቱ ሲያድሱ ይቆርጡታል።

እዚህ ላይ የወሎ ነጋዴ አንድ ብልጫ አለው፤ ማመልከቻ ላይ ግን ሲጽፈው አይቼ አላውቅም። ያንቺ ገበያ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ነው ያለው። መስከረም፣ ገና፣ ፋሲካ አለ። ረመዳንና ሁለቱ ኢዶች አሉ፤ እነሱ ደግሞ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም እያሉ ወቅት ይቀይራሉ። አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ፋይልሽን የሚያይ ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል። በአንድ ገጽ ጻፊለት። መቼ ዕቃ ታስገቢያለሽ፣ መቼ ይሸጣል፣ መቼ ወደ ዜሮ ትመልሻለሽ። ከተቻለ ካለፈው ዓመት የሽያጭ ደብተርሽ ጋር። 300,000 የሚለው ቁጥርም ከዚያ ገጽ ይውጣ። "ለምን 300?" ቢሉሽ መልስ አለሽ? እኔ ብሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ወር ሽያጬ በላይ አልጠይቅም። ደግሞ የዱቤ መዝገብሽን ቁጠሪ። ሰው ጋ የተበተነው ዱቤ ተሰብስቦ የምትፈልጊውን ሩቡን ከሸፈነ፣ ያ ወለድ የሌለው ብድር ነው።

የእናትሽን ቤት በተመለከተ፣ ዛሬ ልታስይዢው ብትፈልጊም አይቻልም። ካርታው በሟች ስም ነውና ባንክ አይዘውም። መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት ያስፈልጋል፤ ቤተሰቡ ከተስማማ ከሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይሆናል። ቤቱ የጋራ ንብረታቸው ከነበረ ግማሹ ድሮም የእናትሽ ነው፤ በውርስ የሚታየው የአባትሽ ግማሽ ነው። ከዚያ ስም ይዛወራል። መያዣ ሲሆን ደግሞ ባለድርሻ የሆነ ሁሉ ይፈርማል። እንደ ብዙዎቻችን ቤት ጅዳ ወይም ሪያድ ያለች እህት ካለችሽ ውክልናዋ ከዚያ ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መምጣት አለበት። ወራት ይፈጃል። ይህን ሥራ ለብድሩ ባይሆንም ጀምሩት፤ በሟች ስም የቆየ ካርታ ውሎ አድሮ ወንድምና እህት ያጣላል።

ማስያዙን ግን እኔ አልመክርሽም። በአዋጅ 97/1990 መሠረት ባንክ ብድሩ ሳይከፈለው ሲቀር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በጨረታ መሸጥ ይችላል። ፍርድ ቤት መሄድ አይጠበቅበትም። ሱቅሽ አንዴ ተዘርፏል። እንዳይደገም ዱዓችን ነው፤ ግን ለልብስ መግዣ ብለሽ እናትሽ የምትተኛበትን ጣራ አትንኪ። "የሱቁ ዕቃስ መያዣ አይሆንም?" ትዪ ይሆናል። ከ2011 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ 1147 መሠረት የሸቀጥ ክምችትም፣ ማሽንም፣ ከሰው የሚሰበሰብ ዕዳም መያዣ መሆን ይችላል። በተግባር ባንኮች ማሽንና መኪና ይወዳሉ። ፋሽኑ የሚያልፍ የልጆች ቀሚስ ይዘው ምን ያደርጉታል? መጠየቁ ግን አይከፋም። መኪና ያለው ዘመድ በሊብሬ ሊያግዝሽ ከፈለገም እሱ ከቤት ይሻላል፤ መኪና ቢሄድ ሰው ጎዳና አይወጣም። ሌላው መንገድ የራስሽን ቁጠባ በጊዜ ገደብ አስቀምጠሽ በእሱ መበደር ነው። ገንዘቡ ያንቺው ስለሆነ ባንኩ እምብዛም አያንገራግርም።

ወለድ የማትፈልጊ ከሆነ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ባንኮች ናቸው፤ ሌሎች ብዙ ባንኮችም የራሳቸው ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። እዚያ ግን ኦቨርድራፍት ብለሽ አትጠይቂ። ለልብስ ነጋዴ የሚስማማው ሙራባሃ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ነግሮሽ በክፍያ ይሸጥልሻል። ጥሬ ብር እጅሽ አይገባም። ችግሩ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) እና ሕጋዊ ደረሰኝ የሚሰጥ ጅምላ ሻጭ ያስፈልግሻል። መርካቶ ላይ "ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቀነስ አደርጋለሁ" የሚልሽ ሰው ለዚህ አይሆንም።

ትንሽ ጉድለት ለመሙላት ከሆነ ቴሌብር ላይ እንደኪሴ አለ፤ ከ2014 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ክፍያ ስትፈጽሚ የጎደለሽን ይሞላልሻል፤ አሠራሩ ኦቨርድራፍት ነው። እዚያው ቴሌብር ላይ ያለው መላ ደግሞ አጭር ብድር ነው። መያዣ አይጠይቁም፤ መጠናቸው ግን ትንሽ ነው፣ ክፍያቸውም ቶሎ ይደርሳል። የመስከረምን ዕቃ በእነሱ አታስገቢም። በቀኑ መክፈልሽ ግን ይመዘገብልሻል።

"አሥር ፐርሰንት ስጪኝ" ያለሽን ሰው እርሺው። ከ300,000 ላይ 30,000 ብር ነው፤ ከብድሩ በፊት የጠፋ ትርፍ። የባንክ ሠራተኛ ያውቃል ከተባለ ጉቦ ነው፣ አንቺም ትጠየቂበታለሽ። አያውቅም ከተባለ ደግሞ ብሩን ይዞ ይጠፋል። በቴሌግራም "የመመዝገቢያ ክፍያ ላኩና ብድር ውሰዱ" የሚሉትም እንደዚያው ናቸው። ከእነዚህ የባሰው ባዶ ቼክ አስፈርሞ የሚያበድረው ነው። አራጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በሰዎች መካከል ለሚደረግ ብድር ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም። አበዳሪው ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ወለዱን ውል ላይ የማይጽፈው፤ ቼክሽ ላይ የፈለገውን ቁጥር ይሞላል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ደግሞ ወንጀል ስለሆነ ፖሊስ ጋ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። የቸገረው ሰው ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈርም አይቻለሁ። አትፈርሚ።

ሌላ ባንክ? ምክንያቱ የብድር ጣሪያ ከሆነ አዎ፣ ሂጂ። አንዱ ቦታው ሲያልቅ ሌላው ሊኖረው ይችላል፤ አዳዲሶቹ ባንኮችም ደንበኛ ይፈልጋሉ። ምክንያቱ የሒሳብ እንቅስቃሴ ወይም የቡድኑ ዕዳ ከሆነ ግን ያንኑ ፋይል ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ብታዞሪው መልሱ አይለወጥም። ከስድስት ዓመት ደንበኝነትሽም ትነቀያለሽ። እዚያው ባንክሽ ቆይተሽ ተንቀሳቃሽ ሒሳቡን ብታሠሪው ይሻላል። ስትመለሺ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የሱቁ ኪራይ ውል፣ ፋይዳሽ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የዕዳ ነፃ ደብዳቤና ያቺ የገበያ ወቅት ገጽ አብረው ይሁኑ። ባለቤትሽም ይወቅ፤ የጋራ ንብረት ሲያዝ የሁለታችሁም ፊርማ ይፈለጋል።

የሚመጣው በዓል ቶሎ ደርሶ ይህ ሁሉ ካልተሳካ ደግሞ የእቁቡን ዳኛ አናግሪው። ዕጣው ቀድሞ የደረሰውና ገንዘቡን የማይቸኩልበት ሰው ካለ ተራ መለዋወጥ ይቻላል። በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ ብሩም በባንክ ይተላለፍ።